ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ስለ ልብ ይጠየቅ

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ቃል ለጤና ጥበቃ ሥራ ሁሉ መሠረት ሊሆን የሚገባው ነው። እሳት ቤቱን ከያዘው በኋላ ውሃ ተሸክሞ መሮጥ ድካሙ ብዙ፥ ትርፉ ጥቂት ነው፤ ገና ሲጫር ግን ሕፃን ልጅ እንኳ በቅጠል መትቶ ያጠፋዋል። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ካሉት ትንንሽ እሳቶች ስለ አንዱ ነው። ይኸውም ከአፍ ተነሥቶ ልብን ስለሚያበላሽ ሕመምና፥ ይህንኑ ሕመም ለመከላከል የጥርስ ሐኪሞቻችን ሊኖራቸው ስለሚገባው ዕውቀት ነው።

በብስራተ ገብርኤል ሠፈርና በአካባቢው፥ ከሳር ቤት አንሥቶ እስከ መካኒሳ ድረስ የሚሄድ ሰው የጥርስ ሥዕል የተሣለበትን የክሊኒክ ሰሌዳ በመንገድ ዳር ያያል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው ወደ ወጌሻ ሄዶ ያለ ማደንዘዣ በጉጠት ከሚያስነቅል፥ ትምህርት ባለው ሰው እጅ፥ በተቀቀለ መሣሪያ ቢታከም ይሻለዋልና። ነገር ግን የመሣሪያው ንጽሕናና የወንበሩ ማማር ብቻ በቂ አይደለም። ሐኪሙ ማደንዘዣውን ከመውጋቱ በፊት «ልብዎን ታመው ያውቃሉን? የልብ ቀዶ ሕክምናስ ተደርጎልዎታልን?» ብሎ ይጠይቃልን? መልሱ «አዎን» ቢሆንስ ምን ማድረግ እንዳለበት አጥርቶ ያውቃልን? የዛሬው ጽሑፋችን በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

በመጀመሪያ የአፍና የልብ ግንኙነት ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። በማናቸውም ሰው አፍ ውስጥ፥ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ፥ ለዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። በቦታቸው እስካሉ ድረስ ብዙ ጉዳት አያደርሱም። ጥርስ ሲነቀል፥ ወይም በጥርስ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ ሲፋቅ፥ ድዱ ይቆስልና ተሕዋስያኑ ወደ ደም ይገባሉ። ጤነኛ ልብ ያለው ሰው ደሙ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያጠራቸዋል። ልብ ግን ደሙ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚከፈቱና የሚዘጉ አራት በሮች አሉት፤ እነዚህም ቫልቭ ይባላሉ። ከነዚህ በሮች አንዱ ቀደም ሲል የቆሰለና የተጨማደደ ከሆነ፥ ወይም በሰው ሠራሽ በር የተተካ ከሆነ፥ በደም ውስጥ የሚያልፉት ተሕዋስያን በሻካራው ቦታ ላይ ይጣበቃሉ፤ በዚያም ይራባሉ፤ የረጋ ደም ይሸፍናቸውና እንደ አበባ ጎመን ያለ እብጠት ይሠራሉ። ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ ኢንዶካርዳይተስ ይባላል።

ሕመሙ ሲጀምር የሚያስደነግጥ ምልክት የለውም። በሽተኛው ለሳምንታት ትኩሳት ይመላለስበታል፤ ያልበዋል፤ ይከሳል፤ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ወባ ወይም ተስቦ ወይም ሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ሌላ መድኃኒት ሲሞክር ጊዜው ያልፋል። በመጨረሻ በሩ ተበልቶ ልብ ይደክማል፤ ወይም ከእብጠቱ የተቈረሰ ቅንጣት ወደ አንጎል ሄዶ ሰውየውን ሽባ ያደርገዋል። ፔኒሲሊን ከመገኘቱ አስቀድሞ ከዚህ ሕመም የሚድን ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬም ቢሆን ሕክምናው በሆስፒታል ተኝቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር መድኃኒት መውሰድን ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያሻዋል። ይህም ሁሉ ተደርጎ፥ ሀብት ባላቸው አገሮች እንኳ በሆስፒታል ከተኙት ከአምስት በሽተኞች አንዱ ገደማ ይሞታል።

የጥርስ ሕክምና ከዚህ ሕመም ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው ዛሬ አይደለም። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ኦኬልና ኤሊዮት የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች ጥርስ የተነቀለላቸውን ሰዎች ደም ወዲያው ቀድተው ሲመረምሩ፥ ከግማሽ በሚበልጡት ደም ውስጥ የአፍ ተሕዋስያንን አገኙ። በ1955 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር፥ ልባቸው የታመመ ሰዎች ጥርስ ከመነቀላቸው በፊት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲሰጣቸው የሚያዝዝ የመጀመሪያ መመሪያውን አወጣ። ከዚያ ወዲህ መመሪያው ብዙ ጊዜ ታርሟል፤ እያደርም ጠብቧል።

አንባቢ «ይህ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» ይል ይሆናል። እንዲያውም ከነርሱ ይልቅ እኛን ያገባናል። በሀብታሞቹ አገሮች የልብ በር የሚበላሸው በአብዛኛው በሽማግሌዎች ላይ ነው፤ በእኛ አገር ግን ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው። ምክንያቱም ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ሕመም በመካከላችን ስላለ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተሕዋስ በልጆች ጉሮሮ ላይ ሕመም ያስነሣል፤ ሕመሙ ሳይታከም ሲቀር፥ ሰውነት ተሕዋሱን ለመውጋት ያሰለፈው ኀይል ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይወጋል። የመገጣጠሚያው ሕመም ይድናል፤ የልቡ በር ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። በጥርስ ሥር የሚኖሩትም ተሕዋስያን ከዚሁ ከስትሬፕቶኮከስ ቤተ ዘመድ ናቸው። እንግዲህ ከአንድ ዘር የወጡ ሁለት ጠላቶች ይተባበራሉ፤ አንደኛው በልጅነት በሩን ይሰብራል፥ ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ በተሰበረው በር ይገባል።

የሕመሙም ብዛት የሚናቅ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ተማሪዎች መካከል ከ1000 ልጆች 6.4 የሚሆኑት ይህ የልብ ሕመም እንዳለባቸው አመልክቷል። ይህም ልብን በጆሮ በማዳመጥ በተጀመረ ምርመራ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ፥ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን የጅማ ተማሪዎች ልብ በሚያሳይ መሣሪያ ሲመረምር፥ የተረጋገጠውና አጠራጣሪው ተደምሮ ከ1000 ልጆች 30.7 አግኝቷል። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ይህን ቍጥር በራሱ ተማሪዎች ልክ ያስላው። ከነዚህ ልጆች የሚበዙት ልባቸው እንደ ታመመ አያውቁም፤ ወላጆቻቸውም አያውቁም፤ ጥርሳቸውን የሚነቅለው ሐኪምም አያውቅም።

በሌላ በኩል የልብ ቀዶ ሕክምና ያገኙ ወገኖቻችን ቍጥር እየጨመረ ነው። ብዙዎች ቀድሞ ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ታክመዋል፤ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተቋቋመው የልብ ማእከል ሥራ ከጀመረ ወዲህም በአገር ውስጥ የታከሙ ሕፃናትና ወጣቶች አሉ። ሰው ሠራሽ በር የገባለት ወጣት ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሠፈሩ ይመለሳል፤ ይማራል፥ ይሠራል፥ ያገባል። አንድ ቀንም ጥርሱን ያመዋል። ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የወጣበት ያ ልብ፥ በዚያች ቀን በአንድ የጥርስ ሐኪም ዕውቀት ላይ ይወድቃል። «ዳር ሲፈታ መኻል ዳር ይሆናል» እንደ ተባለው፥ ዳር የሆነው አፍ ካልተጠበቀ መኻል የሆነው ልብ ይደፈራል።

ታዲያ የጥርስ ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባው ምንድር ነው? ነገሩ ብዙ አይደለም፤ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጠቃለላል። ማወቅ የሚያሻው ለማን፥ ለምን ዐይነት ሥራ፥ ምን ያህልና መቼ የሚሉትን ነው።

ለማን ለሚለው፥ አብዛኞቹ መመሪያዎች የሚስማሙባቸው ሰዎች አሉ። እነርሱም ሰው ሠራሽ የልብ በር ያላቸው፥ ወይም በራቸው በሰው ሠራሽ ነገር የተጠገነላቸው፤ ቀድሞ ኢንዶካርዳይተስ ይዟቸው የዳኑ፤ ከልደት ጀምሮ በሆነ የልብ ሕመም ምክንያት ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር፥ ገና ያልታከሙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለው የልደት ሕመም በሰው ሠራሽ ነገር የተጠገነላቸውም ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከነዚሁ ጋር ይቈጠራሉ።

ለምን ዐይነት ሥራ ለሚለው፥ ድድን ወይም የጥርስን ሥር ጫፍ የሚነካ ወይም የአፍን ሥጋ የሚበሳ ሥራ ሁሉ ይህን ጥንቃቄ ይሻል። ጥርስ መንቀል፥ በድድ ሥር የተጋገረውን መፋቅ፥ የሥር ሕክምና ለምሳሌ ይጠቀሳሉ። የራጅ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ ተነቃይ ጥርስ መግጠም፥ ባልመረቀዘ ሥጋ ላይ ማደንዘዣ መውጋት ግን አያሻውም። የሕፃን ጥርስ በራሱ ጊዜ ሲወልቅም መድኃኒት አያስፈልግም፤ መምህራን ይህን ቢያውቁ ያለ ምክንያት ከመደንገጥ ይድናሉ።

ምን ያህልና መቼ ለሚለው፥ የታወቀው መድኃኒት አሞክሲሲሊን ነው። ለአዋቂ 2 ግራም፥ ለሕፃን በያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊግራም፥ ሥራው ከመጀመሩ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ብቻ በአፍ ይሰጣል። ተረስቶ ቢታለፍ ሥራው ካለቀ በኋላ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ እንደ አዚትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ያሉት ለዚህ ያገለግላሉ። ቀድሞ ለዚህ ተግባር ይሰጥ የነበረው ክሊንዳማይሲን ግን፥ ብርቱ የአንጀት ሕመም ስለሚያስከትል፥ በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ ቀርቷል። ከዚያ በፊት የተማረ ሐኪም መጽሐፉን እንደ ገና ካልገለጠ ይህን ሊያውቅ አይችልም። አንባቢም ይህን የጻፍነው ሐኪሙን እንዲጠይቅበት እንጂ ራሱን እንዲያክምበት አለመሆኑን ይገንዘብልን።

እዚህ ላይ በአገራችን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልናነሣ እንወዳለን። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ ይወጋሉ። ይህ መርፌ የጉሮሮው ሕመም እንዳይመለስና ልብን እንደ ገና እንዳያቆስል የሚከለክል ነው፤ ከቶ መቋረጥ የለበትም። ይሁን እንጂ በሽተኛውም፥ ወላጁም፥ አንዳንድ ባለሙያም «መርፌውን ስለሚወጋ ለጥርሱም ይበቃዋል» ብሎ ያስባል። አይበቃውም። በደሙ ውስጥ የሚቈየው ፔኒሲሊን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ጥርስ በሚነቀልበት ጊዜ የሚገቡትን ተሕዋስያን ለማጥፋት አይችልም። ከዚህም በላይ በአፉ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ፔኒሲሊንን ለምደውት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርፌውን ለሚወጋ በሽተኛ ጥንቃቄው በሚያሻው ጊዜ የጥርስ ሐኪሙ ከፔኒሲሊን ዘር ያልሆነ መድኃኒት እንዲመርጥ ይመከራል። ይህን ነጥብ የማያውቅ ሐኪም በሽተኛውን እየጠበቀው ሳለ የጠበቀው ይመስለዋል እንጂ አልጠበቀውም።

አሁን ሊቃውንት ወደማይስማሙበት ነገር እንምጣ። ልቡ በሩማቲክ ፊቨር ቆስሎ ገና ሰው ሠራሽ በር ያልገባለት ሰው ይህ መድኃኒት ይሰጠው ወይስ አይሰጠው? የአሜሪካው ማኅበር ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ «አይሰጠው» ብሏል። የኤውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለውን ሰው ከመካከለኛ አደጋ መድቦ፥ ለሁሉም በደንብ መልክ እንዳይሰጥ፥ ነገር ግን በየሰዉ ሁኔታ ሊታሰብበት እንደሚችል ጽፏል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ደግሞ ሩማቲክ ፊቨር የሚበዛበት ሕዝብ ስላላቸው በሩማቲክ ሕመም የቆሰለ የልብ በር ያላቸውን ሰዎች ከሚጠበቁት ጋር አስገብተዋል።

እንግሊዝ አገር በ2008 እ.ኤ.አ. ለማንም ሰው ቢሆን እንዳይሰጥ መከረች። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ በወር በአማካይ 10,900 ያህል የነበረው ትእዛዝ ወደ 2,236 ወረደ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ላይም የኢንዶካርዳይተስ በሽተኞች ቍጥር ከሚጠበቀው በወር በ35 ያህል በልጦ ተገኘ። የአንዱ መቀነስ ለሌላው መብዛት ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያው «በደንብ መልክ አይሰጥ» ወደሚል ለዘብ ያለ ቃል ተለወጠ። ከዚህ የምንማረው፥ ጉዳዩ በጭፍን «አዎን» ወይም በጭፍን «አይደለም» የሚባልበት አለመሆኑን ነው።

በእኛ አስተያየት ኢትዮጵያ የምትመስለው የአውስትራሊያንና የኒውዚላንድን ሁኔታ ነው። የሕመሙ ብዛት፥ የጥርሳችን አያያዝ፥ ኢንዶካርዳይተስ ከያዘ በኋላ ደም መርምሮ ተሕዋሱን ለይቶ ለማወቅና ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ያለው ችግር ተደምሮ ሲታይ፥ በሩማቲክ ሕመም ልቡ በእርግጥ የቆሰለ ሰው ጥርስ ሲነቀልለት አንድ ጊዜ መድኃኒት መስጠት ከጉዳቱ ጥቅሙ የሚያመዝን ይመስለናል። ይህን ለመወሰን ግን የግል ሐኪም ሁሉ እንደየአሳቡ የሚሄድበት መንገድ አይበጅም። የልብ ሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች አንድ ላይ ተቀምጠው ለአገሪቱ የሚስማማውን በአማርኛና በሌሎችም የአገሪቱ ቋንቋዎች አጭር አድርገው ቢጽፉት ይሻላል። የአፍሪካ ኅብረት ይህን የልብ ሕመም ከአህጉሩ ለማጥፋት ሰባት ተግባሮችን የዘረዘረው መግለጫ በ2015 እ.ኤ.አ. በዚሁ በከተማችን ተዘጋጅቶ በስሟ «የአዲስ አበባ መግለጫ» ተብሏል። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሕመም ውሳኔ አሳልፏል። ስሙን የሰጠች ከተማ በተግባሩም ግንባር ቀደም ብትሆን ያምርባታል።

ይህን ስንል መድኃኒት ለሁሉ ይታደል ማለታችን አይደለም። ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው ጥርስ ስለ ተነቀለለት ብቻ ለልቡ ጥበቃ ብሎ አሞክሲሲሊን የሚውጥበት ምክንያት የለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለጥርስ ሕመም ሁሉ መዋጥ፥ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለምዱ ከማድረግ በስተቀር የተበላውን ጥርስ አያድነውም። ለሚያስፈልገው የማይሰጥና ለማያስፈልገው የሚሰጥ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በልዩ ልዩ አገሮች በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ የተደረጉ መጠይቆችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ በር ያለውን ሰው ያውቁታል፥ ከዚያ ውጭ ያለውን ግን ያምታቱታል። የእኛም ባለሙያዎች ቢጠየቁ መልካም ነው፤ ጥያቄው ለወቀሳ ሳይሆን ለትምህርት እንዲሆን እንመኛለን።

ደግሞም መድኃኒቱ ብቻውን ጋሻ አይሆንም። ድዱ ያበጠና የሚደማ ሰው ጥርሱን ሲቦርሽ ወይም ምግብ ሲያኝክ እንኳ ተሕዋስያን ወደ ደሙ ይገባሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚነቀል ጥርስ ይልቅ በየቀኑ የሚደማ ድድ ለልብ የበለጠ ያሠጋዋል። ስለሆነም ልቡን የታመመ ሰው ከሌላው ሰው አብልጦ አፉን በንጽሕና መጠበቅ አለበት። የአባቶቻችን መፋቂያ በደንብ ከተያዘና ድድን ሳያቆስል ከተፋቀበት የሚናቅ አይደለም፤ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናና ብሩሽም በቀን ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። በአንጻሩ ድድን በመርፌ መነቀስ፥ እንጥል ማስቈረጥ፥ የሕፃናትን ግግ ማስወጣት በማናቸውም ሰው ላይ ጐጂ ልማዶች ናቸው፤ ልቡ በታመመ ሰው ላይ ሲፈጸሙ ደግሞ አደጋቸው እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ከየአንዳንዳችን ምን ይፈለጋል?

አንደኛ፥ የጥርስ ክሊኒክ ሁሉ፥ በብስራተ ገብርኤል ይሁን በሌላ ሠፈር፥ በሽተኛው ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት የሚሞላ አንድ አጭር የጥያቄ ወረቀት ይኑረው። የልብ ሕመም፥ የልብ ቀዶ ሕክምና፥ የማይስማማ መድኃኒት፥ የሚወሰድ መርፌና እንክብል በዚያ ይጠየቁ። ሰው ሠራሽ በር ያላቸው ብዙዎች ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስዱ፥ ይህ ጥያቄ ብርቱ መድማትንም ይከላከላል። በባሕር ማዶ በተማርንበት አገር ይህን ወረቀት ያልሞላ በሽተኛ ጥርሱ አይነካም ነበር፤ የሚጠይቀውም ወጪ የአንድ ወረቀት ዋጋ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፥ በአዲስ አበባ፥ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሕክምና የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ነገር በፈተና ከሚያልፍ ትምህርት አሳልፈው በልማድ እንዲተከል ያድርጉት። ተመርቀው የወጡትም በየጊዜው በሚወስዱት የሙያ ማሻሻያ ትምህርት የተለወጠውን ይወቁ።

ሦስተኛ፥ የልብ ሕክምና የሚሰጡ ክፍሎች ለበሽተኞቻቸው «ጥርሴን ከመንካትዎ በፊት ይህን ያንብቡ» የሚል ትንሽ ካርድ ይስጧቸው። ደግሞም አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር፥ ሰው ሠራሽ በር ከመግባቱ በፊት የተበላው ጥርስ ሁሉ ታክሞ ይለቅ።

አራተኛ፥ መምህራን ሆይ፥ ይህ ሥራ ከእናንተ ይጀምራል። ጉሮሮውን የታመመ፥ ትኩሳት ያለበትን ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበትን፥ ሲሮጥ ከእኩዮቹ ተለይቶ የሚደክመውን ልጅ «ሰነፍ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወላጆቹን ጥሩና ልቡ እንዲመረመር ምከሩ። በየወሩ ለመርፌው የሚቀረውን ልጅ እንደ ቀሪ አትቍጠሩት።

አምስተኛ፥ ልብዎን የታመሙ አንባቢ ሆይ፥ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ሐኪም ዘንድ መናገር ድፍረት አይደለም። ጥርስዎን ከታከሙ በኋላ በሚከተሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢመላለስብዎ፥ በቤት ያለውን እንክብል አይዋጡ፤ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ደምዎ እንዲመረመር ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። አስቀድሞ የተዋጠ መድኃኒት ተሕዋሱን ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውምና።

ከነዚህ ነገሮች አንዱም አዲስ ሕንፃ ወይም ከውጭ የሚመጣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ፥ አንድ ገጽ ዕውቀትና በሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ አንድ ወጣት በሚነቀል ጥርስ ምክንያት ቢሞትብን፥ «ዕጣ ፈንታው ነው» ብለን ልንጽናና አይገባንም። ልንጠይቀው የምንችለውን ሳንጠይቀው ቀርተናልና።